የዐይን ምስክርነት፦ የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍና የተመልካች ፍርድ

ፊትን ማንበብ ከሕክምና ሙያ መሠረቶች አንዱ ነው። ቢጫ የሆነ የዐይን ነጭም ሆነ ሰማያዊ የመሰለ ከንፈር ለሠለጠነ ተመልካች ምልክት ነው። በፎቶግራፍ ላይ የሚታይ ፊት ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተመልካቹ ከፊቱ አነበብሁት የሚለውን ነገር ብዙውን ጊዜ ያገኘው ስለ ሰውየው አስቀድሞ ከሰማው ታሪክ ነውና።

ለዚህ ቀደምት ምሳሌ የሚሆነው ፈረንሳዊው ኢፖሊት ባያር እ.ኤ.አ. በ1840 ራሱን በራሱ ያነሣው እንግዳ ምስል ነው። ባያር በወረቀት ላይ ፎቶግራፍ የማንሣት ዘዴ ቢያገኝም፣ ዝናውና የመንግሥት ጡረታው ለሉዊ ዳጌር በመሰጠቱ ቅር ተሰኝቶ ነበር። በምስሉ ላይ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎና ዐይኖቹን ጨፍኖ ዘመም ብሎ ይታያል። ከጀርባው ያሰፈረው ጽሑፍ፣ የሚታየው ሰው ራሱን ውኃ ውስጥ ጥሎ የሞተው ባያር እንደሆነ፣ የፊቱና የእጆቹ መጥቆርም የመበስበስ ምልክት እንደሆነ ይናገራል። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው የሚያየው ግን ያንቀላፋ ሰው ነው፤ ጥቁረቱም ፀሐይ የመታው ቆዳ ይመስላል። ባያር ከዚያ በኋላ እስከ 1887 ድረስ ኖሯል። የሞተው በጽሑፉ ብቻ ነበር።

ባያር ካሜራውም ብዕሩም በእጁ ነበሩ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ግን ሁለቱም አልነበሩትም። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ አባቱ በዚያው ዕለት ራሳቸውን ገደሉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲጓዙ በመንገድ ታመው ሞቱ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። የሰባት ዓመቱ ሕፃን በሻምበል ትሪስትራም ስፒዲ ጠባቂነት እንግሊዝ አገር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ብቻውንም ከስፒዲ ጋርም አድርጋ አነሣችው። በአንዱ ምስል ስፒዲ የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ ይታያል። አለባበሱንም አቀማመጡንም የወሰኑት ትልልቆቹ ነበሩ፤ ለልጁ የቀረለት አስተያየቱ ብቻ ነው።

እነዚህን ምስሎች የሚመለከት ሰው በልጁ ዐይኖች ውስጥ የወላጅ አልባነትን ሐዘን አየሁ ለማለት ይቸኩላል። ይሁን እንጂ የዘመኑ የመስተዋት ፊልም ምስሉን ለመያዝ ረጅም ጊዜ ይፈልግ ስለ ነበር፣ የካሜሮን ተነሺ አንዳንዴ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ፈገግታን ይህን ያህል ጊዜ ይዞ መቆየት አይቻልም። የምስሎቿ ደብዘዝ ማለትም ለተነሺዎቿ ሁሉ የተመስጦ መልክ ይሰጣል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ደሴት ቻርልስ ዳርዊንን አንሥታለች፤ እሱም ፈገግ አላለም። የዳርዊንን ዝምታ ግን ሰው ሁሉ ጥልቅ አሳቢነት ይለዋል። ልዩነቱ ከዐይኖቹ ይልቅ ከተመልካቹ ዕውቀት የመጣ ነው።

ይህ ማለት ሕፃኑ አላዘነም ማለት አይደለም። በሦስት ወራት ውስጥ አባቱን፣ እናቱንና አገሩን ላጣ ልጅ ሐዘን ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ማስረጃው የሚገኘው ግን በታሪኩ ነው። ዐይኖቹ ሐዘንን፣ የጉዞ ድካምን፣ የእንግዳ መሣሪያ ፍርሃትን ወይም «አትነቃነቅ» የተባለ ልጅ ታዛዥነትን እኩል ሊያሳዩ ይችላሉ። አንዱን መርጦ «ይህ ነው» ማለት፣ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም፣ ልጁ ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ነው። ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ በዊንዘርም ተቀበረ። አሟሟቱን የሚያውቅ ተመልካች የሰባት ዓመቱን ፊት የታመመ አድርጎ ለማየት ይፈተናል። ከ11 ዓመት በኋላ የሚመጣን በሽታ አስቀድሞ የሚያሳይ ፊት ግን የለም።

ጉዳዩ ለጤና ባለሙያ ከሥነ ጥበብ ያለፈ ነው። ዛሬ ፉሪ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ የተነሣ የታካሚ ፎቶግራፍ በስልክ ወደ ሌላ ሐኪም ሊላክ ይችላል። አብሮት የሚላከው አንድ መስመር ጽሑፍም ተቀባዩ የሚያየውን ነገር አስቀድሞ ይወስናል። «ጭንቀታም ናት» የተባለችን ሴት ፊት የሚያይ ሐኪም ጭንቀትን ማግኘቱ አይቀርም፤ ትንፋሽ አጥሯት ሊሆን እንደሚችል ግን ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ምስሉ መቼ፣ በምን ብርሃንና በማን ፈቃድ እንደ ተነሣ መጻፍ ይገባል። የታየውን ከተገመተው ለይቶ ማስፈርም ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሕመሙ ታሪክ ከባለቤቱ አንደበት ይጠየቅ። ዓለማየሁን ምን እንደ ተሰማው መጠየቅ የሚችል ዛሬ ማንም የለም። ታካሚዋ ግን በሕይወት አለች፤ ብትጠየቅ ትመልሳለች።