ዛሬ የአርቢው፣ ነገ የእኔ ውሻ?

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ ላዘጋጅ ማሰቤን ስነግረው የቡና ስኒውን አስቀምጦ ሳቀብኝ። “አገር ቤት ስንት ጉድ እያለ አንተ ስለ አሜሪካ ውሻ ልትጽፍ ነው?” አለኝ። መልሴ አጭር ነው። እኛ ባንፈልግ እንኳ ልጆቻችን ስለፈለጉ ዛሬ በብዙዎቻችን ቤት ውሻ አለ። ሌላው ምክንያት የራሴ ዕዳ ነው። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የሰጠሁት የመጀመሪያው ድምፅ ስለ ውሻ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልጀምር። የምኖረው በሚዙሪ ነው። ሚዙሪ በዚያን ጊዜ ከማንኛውም ስቴት የበለጡ ፈቃድ ያላቸው የውሻ አርቢዎች የሚገኙባት ነበረች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2010 “ፕሮፖዚሽን ቢ” የተባለ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ሕጉ የሚመለከተው ከ10 በላይ መውለድ የሚችሉ ሴት ውሾች ይዞ ቡችሎቻቸውን የሚሸጥን ሰው ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን አርቢ፣ ለመራቢያ ከ50 ውሻ በላይ አትያዝ፣ በሽቦ ወለል ላይ አታኑር፣ የሽቦ ቤቶቹን አንዱን በአንዱ ላይ አትደርድር፣ በ18 ወር ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ አታስወልድ፣ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ አብላ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለእንስሳት ሐኪም አሳይ ይለዋል። (“በቀን አንድ ጊዜ አብላ” ብሎ ሕግ ማውጣት ካስፈለገ የሚወራው ስለምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ አንባቢ ይገምት።)

አርቢዎቹ ቢቃወሙ አይገርምም፤ እንጀራቸው ነው። የገበሬዎቹ ማኅበር ሚዙሪ ፋርም ቢሮና አሜሪካን ኬነል ክለብም ተቃወሙ። የገረመኝ አንድ ወይም ሁለት ውሻ ያለው ተራ ሰው ከእነርሱ ጋር መሰለፉ ነው። ሁለት የአደን ውሾች ያሉት ሽማግሌ ጎረቤቴ “እምቢ በሉ” የሚል ምልክት በግቢው ሣር ላይ ተክሎ ነበር። ስጠይቀው፣ “ዛሬ 50 ይላሉ፣ ነገ 10 ይላሉ፣ ከነገ ወዲያ የእኔን ሁለቱን ሊወስዱ በሬን ያንኳኳሉ” አለኝ። ዘመቻውን በገንዘብ የደገፈው ሂዩማን ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ዩናይትድ ስቴትስ ስለነበረ፣ የመጨረሻ ግባቸው እንስሳ ማርባትን ጨርሶ ማጥፋት ነው ይባል ነበር። ሕጉ “የቤት እንስሳ” የሚለውን ቃል ሲተረጉም፣ በባለቤቱ ቤት ውስጥ ወይም አጠገብ የሚኖር ለማዳ እንስሳ ማለቱንም ይዘው፣ “አያችሁ፣ ነገ ላሙም ዶሮውም ይገባበታል” አሉ። ሕጉን ከላይ እስከ ታች ላነበበው ግን ግዴታው ሁሉ ስለ ውሻ ነው። ድመት እንኳ አልተነካችም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ይህን የምለው አሁን ነው። ያን ጊዜ ጎረቤቴን አመንኩት።

ለምን እንዳመንኩት ልንገራችሁ። በደርግ ዘመን፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቡቺ የምትባል ውሻ ነበረችን። አንድ ሌሊት በሰፈራችን መርዝ የተቀላቀለበት ሥጋ ተጣለ። ጠዋት ስንነሳ ቡቺ ከአጥሩ ሥር እግሮቿ ገትረው ተኝታለች። ማን እንደጣለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የጠየቀ ግን አልነበረም። አባቴ ጉድጓድ ቆፈረ፣ እናቴም “ዝም በሉ፣ ሰው ይሰማል” አለችን። መንግሥትና ውሻ የሚሉ ሁለት ቃላት በአንድ ላይ ሲነሱ እኔ የማስበው ያንን ጠዋት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የጎረቤቴን ምልክት ሳይ ልቤ ወደ እርሱ አዘነበለና “አይደገፍም” ብዬ ድምፄን ሰጠሁ።

ሕጉ በ51.6 ከመቶ አለፈ። የሴንት ሉዊስና የካንሳስ ሲቲ አካባቢዎች ደገፉት፣ አብዛኞቹ የገጠር ካውንቲዎች ተቃወሙት። ተግባራዊ ከመሆኑ በፊት ግን የስቴቱ ምክር ቤት ከለሰው፤ በኤፕሪል 2011 አገረ ገዥው ጄይ ኒክሰን ስምምነት ያሉትን አዲስ ሕግ ፈረሙ። የ50 ውሻ ገደብ ተሰረዘ። በአንጻሩ የሽቦ ወለል ቀስ በቀስ እስከ 2016 እንዲቀር፣ የቦታው ስፋትም ከቀድሞው ሦስት እጥፍ እንዲሆን ተወሰነ። እኔም አሸነፍን ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በ2012 መጨረሻ ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላት ከአንድ የገበያ አዳራሽ ሱቅ የቢግል ዝርያ ቡችላ ገዛንላት። ሻጩ “ከታወቀ አርቢ ነው የመጣው፣ የፌዴራል ፈቃድ አለው” ብሎ ወረቀት ሰጠን። በአራተኛው ቀን ቡችላው ያስል ጀመር፣ በሰባተኛው መብላት አቆመ። የሳንባ ምች ነበር። ዳነ፤ ነገር ግን ባለቤቴ (ይኼኛው ሌላው የቃሉ ትርጉም ነው) የሐኪሙን ሂሳብ ስታይ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን አውጥቼ የፈቃዱን ቁጥር በፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት ውስጥ የፈለግሁት። አርቢው በጎረቤት ስቴት ያለ ነው። የተቆጣጣሪው ሪፖርት ቁልጭ ብሎ ወጣ፦ የዛገ ሽቦ፣ የተጠራቀመ ዓይነ ምድር፣ ለሐኪም ያልታየች የዓይን ሕመምተኛ ውሻ። ተቆጣጣሪው ቀኑን ጽፎ ፈርሞበታል። ፈቃዱ ግን አልተነካም።

በሙያዬ የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የምነድፍ መሐንዲስ ነኝ፤ ደንብ ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ የፌዴራሉንም ደንብ ከፍቼ አነበብኩ። “ያለው ሕግ ይበቃል” ለሚሉ ሁሉ አንድ ገጹን እንዲያነቡ እመክራለሁ። የወለሉ ስፋት የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የውሻውን ርዝመት ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር በኢንች ለካ፣ 6 ጨምርበት፣ ውጤቱን በራሱ አባዛ፣ ከዚያ ለ144 አካፍል። ርዝመቷ 24 ኢንች ለሆነች እናት ውሻ 30 በ30፣ ማለትም 900 ለ144 ሲካፈል 6.25 ስኩዌር ፊት ይመጣል። ከግማሽ ካሬ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ዕድሜዋን ሙሉ! የሚዙሪው ሕዝበ ውሳኔ ለእንዲህ ያለችው ውሻ የጠየቀው 12 ስኩዌር ፊት ነበር። ሙቀቱስ? የፌዴራሉ ደንብ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከ85 ዲግሪ ፋረንሃይት በላይ ከተከታታይ 4 ሰዓት ለበለጠ ጊዜ እንዳይቆይ ይላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በጁላይ 4 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ፕሮፖዚሽን ቢ ያንን የ4 ሰዓት ቀዳዳ ዘግቶት ነበር፤ በ45ና በ85 ዲግሪ መካከል ይሁን፣ በቃ።

ተቃዋሚዎቹ ምንም እውነት አልነበራቸውም አልልም። የ50ው ገደብ ደካማ ነበር። ቁጥር መለካት ቀላል ስለሆነ ሕግ አውጪ ይወደዋል፤ ዘጠኝ ውሻ ይዞ የሚያስርብ አለ፣ 60 ይዞ በአግባቡ የሚያሳድግም ይኖራል። ቴክሳስም በ2011 ለውሻና ለድመት አርቢዎች ሕግ ስታወጣ 11 ሴት እንስሳትና በዓመት 20 ሽያጭ የሚል ወሰን አስቀመጠች፤ 19 የሸጠው ነፃ ነበር። “ችግሩ የሕግ እጦት ሳይሆን የአፈጻጸም ነው” ማለታቸውም ትክክል ነበር። በሜይ 2010 የግብርናው መሥሪያ ቤት የራሱ ዋና ኢንስፔክተር፣ ተቆጣጣሪዎቹ በአጥፊ አርቢዎች ላይ ጥርስ እንደሌላቸው የሚገልጽ ከባድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር።

እንግዲህ አፈጻጸም ይጥበቅ ያለ ሰው፣ አፈጻጸም የሚታይበት መስኮት ሲዘጋ መጮኽ ነበረበት። በፌብሩዋሪ 2017 መሥሪያ ቤቱ እኔ ያነበብኳቸውን ዓይነት የቁጥጥር ሪፖርቶች ከድረ ገጹ አነሳቸው። ኮንግረስ አዞ በ2020 እስኪመለሱ ድረስ ገዢው ወረቀት ይዞ ታውሮ ቀረ። በእኛ መንገድ ላይ ያን ጊዜ አንድም ምልክት ሲተከል አላየሁም። ጎረቤቴን ብጠይቀው “የአርቢዎቹ የግል ጉዳይ ነው” አለኝ።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። “የእንስሳት ባለቤቶች መብት” የሚለው ሐረግ የእኔን አንድ ቢግልና የዚያን ሰውዬ የሽቦ ቤት በአንድ ከረጢት ከተተ። እሱ ሻጭ ነው፣ እኔ ገዢ ነኝ። እሱ ተቆጣጣሪውን ቢፈራ ምክንያት አለው፤ እኔ ግን በዚያ በር መግባት አልችልም፣ የሚገባልኝ ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። እኔ የፈራሁት በሌሊት ሥጋ ጥሎ የሚሄደውን፣ ስሙ የማይጻፈውን ነበር። በቀን መጥቶ ያየውን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ እኔ እንዳነበው የሚያስቀምጠውን ከእርሱ ጋር አንድ አደረግሁት። ለዚህ ጥፋት ጎረቤቴን አልወቅስም፤ እሱ ቡቺን አያውቃትም።

ባለፈው ዓመት ከአደን ውሾቹ የመጨረሻው ሞተበት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሌላ ቡችላ ሊገዛ ሲያስብ በሬን አንኳኳ፤ የፈቃድ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ይዟል። “አንተ ኮምፒውተሩን ታውቅበታለህ፣ እስቲ ይህን አርቢ እይልኝ” አለ። ሦስት ሪፖርቶች ነበሩ። ሁለተኛው ላይ መነጽሩን አወለቀና፣ “ይኼን ዝለለው፣ ሌላ ቁጥር አለኝ” ብሎ ከኪሱ ሁለተኛ ወረቀት አወጣ። ያ ምልክት ግን እስከ ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።