‹‹ለምን?›› የማይል መመሪያ
ስለ አንድ የስካነር መመሪያ የቀረበ ሂስ

የመማሪያ መጻሕፍትን መመርመርና መተቸት የመምህራን የተለመደ ተግባር ነው። ከመሣሪያ ጋር በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን መመሪያ ግን አንብቦ ሂስ የሚሰጥበት ሰው ብዙም አይገኝም። ይሁንና እርሱም አስተማሪ ነው፤ አጉል ካስተማረ ጉዳቱ ከማንኛውም መጥፎ መጽሐፍ አያንስም። እኛም ለማሠልጠኛ ተቋማችን ጽሕፈት ቤት ከተገዛው ስካነር ጋር የመጣውን መመሪያ፣ በተለይም ስለ ኔትወርክና ስለ ፓኬት ማጣሪያ የሚናገረውን ምዕራፍ ለመመርመር ተገደናል። ምክንያቱም የፈተና ወረቀቶቻችን የሚነሡት በዚሁ መሣሪያ ነው።

በመጀመሪያ በጎ ጎኑን እንናገር። ለስካነሩ ቋሚ የአይፒ አድራሻ መስጠት፣ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል መለወጥ፣ የተፈቀዱ አድራሻዎችን መመዝገብ፣ ሁሉም በተራ በተራ በሥዕል ተደግፎ ቀርቧል። ጀማሪም ሳይደናገር ሊከተለው ይችላል።

ጉድለቱ የሚታየው ‹‹ለምን?›› ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ ነው። መመሪያው ‹‹ፍቀድ›› እና ‹‹ከልክል›› ብሎ ያልፋል እንጂ ፓኬት ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይገልጽም። ነገሩ ግን ለማስረዳት አያስቸግርም። በኔትወርክ የሚላክ መረጃ በትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ በእያንዳንዱም ላይ፣ እንደ ደብዳቤ ፖስታ፣ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ፣ እንዲሁም ፖርት የሚባለው የአገልግሎቱ በር ቁጥር ይጻፋል። ማጣሪያው የግቢ ዘበኛ ነው፤ የፖስታውን ጀርባ ያነባል እንጂ ደብዳቤውን አይከፍትም።

ይህ ባለመገለጹ ሦስት ስሕተቶች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ በብዙ መሣሪያዎች ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ ቀድሞ የተስማማው ደንብም ይሠራል። ስለዚህ ‹‹ሁሉንም ከልክል›› የሚለው ከላይ ከተጻፈ ከሥሩ ያለው ፈቃድ ሁሉ ከንቱ ነው። እኛ ራሳችን ይህን ባለማወቃችን ስካነሩን በገዛ ኮምፒዩተራችን ላይ ዘግተን፣ ቅንብሩን ሰርዘን እንደገና ለመጀመር ተገደናል።

ሁለተኛ፣ መመሪያው የተነሣውን ሰነድ ወደ ኮምፒዩተር ለመላክ አሮጌውን የኤስኤምቢ ዓይነት ክፈቱ ይላል፤ አደጋውን ግን አይናገርም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ‹‹ዋናክራይ›› የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በዚሁ አሮጌ ኤስኤምቢ ጉድለት ተጠቅሞ፣ በ445 ቁጥር በር ገብቶ ነበር።

ሦስተኛ፣ አንባቢው ማጣሪያ ካለ ምስጢር ተጠበቀ ብሎ እንዲያምን ያደርጋል። ኤፍቲፒ የሚልከው የይለፍ ቃልም ሆነ ሰነድ ያልተመሠጠረ ስለሆነ፣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ደብዳቤው በመንገድ ሊነበብ ይችላል። አድራሻም ቢሆን በሌላ ሰው ሊመሰል ይችላል። ከማጣሪያው ጋር ጠንካራ የይለፍ ቃልና የተመሠጠረ ግንኙነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ባልደረቦቻችን እንዲህ ያለ መመሪያ ሲደርሳቸው የጎደለውን ‹‹ለምን›› በኅዳጉ ላይ እየጻፉ ለተማሪዎቻቸው ቢያካፍሉ እንመክራለን። ሦስት ደንቦችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ቅደም ተከተላቸውን እያለዋወጡ ማን ገባ፣ ማን ቀረ ብሎ መጠየቅ አንድ ክፍለ ጊዜ አይፈጅም። ጣት ብቻ የተማረው መሣሪያው ሲለወጥ ይጠፋል፤ ምክንያቱን ያወቀ ተማሪ ግን ማንኛውንም ስካነር ቀርቦ ሊጠይቅ ይችላል።