እማዬ ባቡር ሄዳለች

እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፦ «እማዬ ባቡር ሄዳለች።» የአጭር ልቦለድ መጀመሪያ ነው እንበል፤ ቦታው አዳማ። እናትየው የት ናት?

አብዛኞቻችን ሐዲድ፣ ሻንጣና ስንብት ይታየናል። ልጁ ብቻውን ቀረ፤ በቃ፣ ሆዳችን ባባ። የአያቶቻችን አማርኛ ጆሮው ላይ ያለ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገምታል። እናትየው ጤፏን ይዛ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ናት፤ ከሰዓት ዱቄት እንደለበሰች ትመለሳለች። የእህል ወፍጮም ባቡር ይባላላ!

ሁለቱን ያዛመዳቸው እንፋሎት ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛው «ቫፐር» እና የጣልያንኛው «ቫፖሬ» ዘመድ ነው፤ ሁለቱም እንፋሎት ማለት ናቸው። በየደረሰበት አገር ሌላ ዕቃ ላይ ተቀምጧል፦ ኢስታንቡል የመንገደኞች ጀልባ፣ ግብፅ የላምባ ምድጃ፣ ሶማሊኛ ውስጥ መኪና። አፋን ኦሮሞም «ባቡራ» ብሎ ወስዶታል። እኛስ «ምድር ባቡር» የምንለው ለምንድን ነው? እንደኔ ንባብ ቃሉ በባሕር የሚሄደውንም ይጠራ ስለነበር ነው። ያለዚያ «ምድር» ምን ይሠራል?

ቅሬታዬ ጽሑፎቻችን ላይ ነው። የጅቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዋሽን፣ መተሐራን፣ አዳማንና ሞጆን አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ። እኔ ባነበብኳቸው ግጥሞችና ልቦለዶች ባቡር ሁሌ ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ሥልጣኔ ነው፣ ናፍቆት ነው፣ ያመለጠ ዕድል ነው። ሐዲዱ ግን የነካው ጥቂት ከተሞችን ነው። ወፍጮው ሐዲድ ያላየ ገጠር ድረስ ገብቷል፤ እናቶችን ከድንጋይ ወፍጮ ያሳረፈው እሱ ነው። እዚያ ባቡር ማለት የሚፈጨው ነው። እኛ ግን ወንዱ የሚሳፈርበትን እንጂ ሴቷ የምትሰለፍበትን ባቡር አልጻፍንም።

ዛሬ ሁለቱም ጋ እንፋሎት የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የሰፈሩ ወፍጮም መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ቃሉ ግን ሁለቱንም ይዞ አለ፤ አንዱን ትርጉም ከረሳን የምናጣው ቃል ብቻ አይደለም፣ ሰውም ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። እኛ እናቱን ድሬዳዋ ልከን እናለቅስለታለን። እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷም ተራዋ ደርሶ እያስፈጨች ነው።