መጀመሪያ ወረቀቱን

ጦር ሜዳ የወደቀ ዘመዳቸውን ሜዳይ እንድፈልግላቸው ጭሮ የሚመጡ ሰዎች ወሬያቸውን የሚጀምሩት ከብረቱ ነው። «ክብ ነው፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ፤ አያታችን ሳጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው» ይሉኛል። ይህም ቢሆን ይረዳል። ሰማያዊና ነጭ መስመር የሚፈራረቅበት ከሆነ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ይመስለኛል፤ ለእኛ ዘማቾች የተሰጠው በአማርኛ የተቀረጸ ነው። ዘንባባ ካለው የአምስቱን ዓመት አርበኝነት አስባለሁ። ከዚያ በላይ ግን ብረቱ አይናገርም። በእጄ ካለፉት የንጉሡም ሆነ የደርግ ዘመን ሜዳዮች የባለቤቱ ስም ያለበት አንድም አላየሁም። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳዮቻቸው ላይ የወታደሩን ቁጥርና ስም ጠርዙ ላይ ይቀርጹ ስለነበር፣ ዛሬ ገበያ ላይ የተገኘ ሜዳይ እንኳ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የእኛን ባለቤት የሚያውቀው ወረቀቱ ብቻ ስለሆነ እኔም የምነሳው ከወረቀቱ ነው።

ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ ሰውየው በምን ስም እንደተመዘገበ ማወቅ ያስፈልጋል። ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ከጨርጨር ወጥቶ ክብር ዘበኛ የገባ ልጅ እናቱ ባወጣችለት ስም ላይመዘገብ ይችላል። አንዱ ክርስትና ተነሥቶ ስሙን ይለውጣል፤ ሌላውን መዝጋቢው እንደሰማው ይጽፈዋል፤ ሌላው በአባቱ ፈንታ ባሳደገው አጎቱ ስም ይጠራል። አንዲት የገለምሶ እናት ወንድማቸውን የሚያውቁት በቤት ስሙ ብቻ ነበር። የጦር ሰፈር ስሙ የተገኘው ለጓደኛው ከሰጠው ፎቶግራፍ ጀርባ፣ «ለማስታወሻ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ የትም ቤት ስገባ ፎቶው ከመስታወቱ እንዲወጣልኝ እለምናለሁ። ሚስት ወይም እናት ጡረታ ተቀብላ ከሆነም የጡረታ ደብተሯን እጠይቃለሁ፤ የሟቹ ማዕረግና መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያ ፋይል ውስጥ ይገኛል።

አድራሻውም ዘመኑን ይጠቁማል። «ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት፣ ጨርጨር አዳልና ጋራ ጉራቻ አውራጃ፣ አሰበ ተፈሪ» የሚል ወረቀት የንጉሡ ዘመን ነው፤ «ክፍለ ሀገር» ካለ ከአብዮቱ ወዲህ የተጻፈ ነው። አሰበ ተፈሪ የዛሬዋ ጭሮ ናትና ጭሮ ብሎ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ቀኑ ሌላ ጣጣ አለው። ቤተሰብ የሚያስታውሰው ሰውየው የወደቀበትን ሳይሆን መርዶው የመጣበትን ቀን ነው፤ በመካከሉ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የውጭ አገር ወረቀት ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «በ1951 ኮሪያ ሞተ» የሚል ቅጂ ይዘው መጥተው ዓመቱን በእኛ የቆጠሩ አጋጥመውኛል። በእኛ 1951 ኮሪያ ላይ ውጊያ የለም፤ ተኩስ ያቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ በአሰቦትና በሚኤሶ አልፏል፤ ስለዚህ «ሚኤሶ ጣቢያ ላይ ሸኘነው» የሚል ሽማግሌ ሲገጥመኝ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ግን ድልድዮች ፈርሰው በ1969 ክረምት ባቡሩ ተቋርጦ ነበር፤ ያን ጊዜ በባቡር ዘመተ ከተባለ ታሪኩን ደግሜ እመረምራለሁ።

ኮሪያ ላይ የወደቁት ከ120 በላይ ናቸው፤ ስማቸው ተመዝግቧል። ቡሳን ያለው የተባበሩት መንግሥታት መቃብር የመታሰቢያ ግድግዳ ከ40,000 በላይ ስም ሲይዝ የእኛዎቹም እዚያ አሉ። የተጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ቀ እንደ ከ፣ ጠ እንደ ተ፣ ጸ እንደ ሰ ተደርጎ ሊገኝ ይችላል። አናባቢውን ትቼ ተነባቢውን እከተላለሁ።

የ1969 እና 1970ው የሶማሊያ ጦርነት ሙታን እጅግ ይከብዳሉ። ጦርነቱ እዚሁ ደጃችን ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው የዘመቱት ሚሊሻዎች፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ የተሠዉት፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከገበሬ ማኅበር የሄዱ ናቸው። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን የቀረውን ወረቀት የቀበሩም ያቃጠሉም ቤተሰቦች አነጋግሬአለሁ፤ ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። አንዱ ወንድም ከሚሊሻው ጋር፣ ሌላው ከወዲያ በኩል የሞተበት ቤትም አለ። እዚያ ቤት ሜዳይ የሚለውን ቃል ሳላነሳ ቡናው ሦስተኛው ድረስ ይፈላል።

የኮሪያ ሜዳዮችም የጠፉት በሁለት ዙር ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ቃኘው የወጣበት የዚህ ጦር ስም ተጠርጣሪ ሆነ፤ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ደግሞ ለደቡብ መዝመት የሚኮራበት አልሆነም። የተደበቀ አለ፣ የተሸጠም አለ።

አንዳንዱ ቤተሰብ ፍለጋው ሲረዝም አዲስ አበባ ካሉ የጥንት ዕቃ ሱቆች ተመሳሳዩን ገዝቶ «የእሱ ነው» ማለት ይፈልጋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። መግዛታቸውን አልከለክልም፤ «ከሱቅ የተገዛ» ተብሎ ቀኑ ተጽፎ አብሮ ካልተቀመጠ ግን የልጅ ልጃቸው የሐሰት ማስረጃ ይወርሳል፤ እውነተኛው አንድ ቀን ቢገኝ እንኳ የሚያምነው አይኖርም። ደቡብ ኮሪያ ለዘማቾችና ለቤተሰቦቻቸው የምትሰጠው የሰላም አምባሳደር ሜዳይም ክብሩ ትልቅ ቢሆንም የተሰጠው ዛሬ ነውና ለብቻው ይቀመጥ እላለሁ።

ሜዳዩ ባይገኝም ቤተሰቡን ባዶ እጁን አልሸኝም። የቤት ስሙንና የጦር ሰፈር ስሙን ጎን ለጎን፣ መለያ ቁጥሩን፣ ክፍሉን፣ የወደቀበትን ቦታና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ገጽ ላይ እጽፋለሁ፤ እያንዳንዱን ከየት እንዳገኘሁትም ከሥሩ አሰፍራለሁ። አንዱ ቅጂ ከቤቱ ታላቅ ሴት ዘንድ፣ ሌላው ከጭሮ ውጭ ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጣል።