«ኮዱ ጠፋ» ሲባል ምን ጠፋ? ስለ ሞተር ብልሽት ቃላት አተረጓጐም

በወልድያ የመኪና ጥገና ቤቶች ሁለት የቃላት ትውልዶች ጐን ለጐን ይኖራሉ። አንደኛው ከጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ በአፍ የተላለፈው ነው፤ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ማርሚታ፥ ካቻቢቴ የመሳሰለው። ምንጩ ባዕድ ቢሆንም ቃሉን የተቀበለው እጁ ዕቃውን የያዘ ሰው ስለ ነበር፥ የስምና የነገሩ ዝምድና ሳይናጋ ቆይቷል። ሁለተኛው ከኤሌክትሮኒክ መቈጣጠሪያ ጋር የመጣው ነው። ይኸኛው የሚደርሰን ዕቃውን ከማያውቅ ተርጓሚ፥ አሁን አሁን ደግሞ ከማሽን ትርጕም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ያገኘነው ከመርሳ ወደ ወልድያ ሽንኩርት ከሚያመላልስ አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ባለቤት ነው። የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ተመልሶ በርቷል። መሣሪያው ያነበበው ምልክት ፒ0171 ሲሆን፥ ባለቤቱ በስልካቸው የያዙት አማርኛ «ሥርዓቱ በጣም ቀጭን ነው (ባንክ 1)» ይላል።

የምልክቱ አሠራር ግልጽ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ በሆነው ደንብ መሠረት፥ የመጀመሪያው ፊደል ብልሽቱ ከሞተርና ከማርሽ ወገን መሆኑን፥ ቀጥሎ ያለው 0 ምልክቱ ለአምራቾች ሁሉ የጋራ መሆኑን፥ 1 ደግሞ ነገሩ የነዳጅና የአየር ልክ መሆኑን ያመለክታል። «ቀጭን» የተባለው እንግዲህ የአየርና የቤንዚን ቅይጥ ነው። የቤንዚን ሞተር በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ከዚህ ሲበልጥ ወይም ቤንዚኑ ሲያንስ ምልክቱ ይመዘገባል። በአማርኛ ግን ወጥ ሲቀጥን ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው። ባለቤቱም ቃሉን በቋንቋቸው ልማድ ተረድተው ቤንዚኑ ተደባልቋል ብለው ከነዳጅ ሻጩ ጋር ተጣልተዋል። የተሳሳቱት እርሳቸው አይደሉም።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «የሳሳ ቅይጥ» ይሻላል ይላሉ። ቃሉ ያማረ ነው፤ ሆኖም ምን እንደ ሳሳ አይናገርም፤ አየሩ ነው ወይስ ቤንዚኑ? ይህ ጸሐፊ «ቤንዚን ያነሰው ቅይጥ» የሚለውን፥ ለተቃራኒውም «ቤንዚን የበዛበት ቅይጥ» የሚለውን ይመርጣል። ረዝሟል የሚል ቢኖር፥ ጋራዥ ውስጥ ርዝመት ገንዘብ አያስከፍልም፤ አሻሚነት ግን ያስከፍላል። «ባንክ» የተባለው የሲሊንደር ረድፍ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ መሥመር በተደረደሩበት በዚህ ሞተር ረድፉም አንድ ብቻ ስለ ሆነ ቁጥሩ አዲስ ነገር አይጨምርም።

ከሁሉ የከበደው ችግር ግን የተርጓሚው ሳይሆን የራሳችን ግሥ ነው። ሠራተኛው መሣሪያውን ሰክቶ ምልክቱን ከመዝገቡ ካስወገደ በኋላ «ጋሼ፥ ኮዱ ጠፍቷል» ይላል። እውነቱን ነው። መብራቱም ጠፍቷል፤ ይህም እውነት ነው። ባለቤቱ ግን የሰሙት ሦስተኛውን ነው፤ ብልሽቱ ጠፋ። «ጠፋ» የብርሃንን መክሰም፥ የጽሕፈትን መፋቅ፥ የነገርን አለመኖር በአንድነት ይሸከማል። በዚህ ላይ «አጠፋ» በደለ ማለት ስለ ሆነ፥ «የጥፋት ኮድ» የሚለው ትርጕም መኪናዪቱን ተከሳሽ ያስመስላታል። «ኮድ» ራሱ ለአሽከርካሪ አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ሲያነብበው የኖረው ኮድ 2፥ ኮድ 3 ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ «ኮድ አለበት» ሲባሉ ሊብሬያቸውን አውጥተው ነበር።

ስለዚህ ለምልክቱ «ሰረዘ»፥ ለመብራቱ «ጠፋ»፥ ለብልሽቱ «ተጠገነ» እየተባለ ቢለይ፥ ሰው የተሰረዘውን እንደ ተጠገነ ቈጥሮ አይከፍልም ነበር። ሦስቱም ጊዜ የተሠራው መሰረዝ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ የኦክስጅን ሴንሰሩም በአዲስ ተለውጧል። ሴንሰሩ ግን ከጭስ ማውጫው ውስጥ ሆኖ የተረፈውን ኦክስጅን የሚመሰክር እንጂ ቅይጡን የሚያዛባ አልነበረም። መቈጣጠሪያው ጉድለቱን ለማካካስ ቤንዚን ሲጨምር ቈይቶ ከተወሰነለት ወሰን ሲያልፍ መብራቱን መልሶ ያበራዋል።

አራተኛው ሠራተኛ፥ በዕድሜ የገፉ ሰው፥ መሣሪያውን ወደ ጐን ትተው ሞተሩን አስነሥተው አዳመጡ። «ይህ ያፏጫል» አሉ። ከአየር መለኪያው በስተኋላ ያለው የላስቲክ ቱቦ ከሥር ተሰንጥቆ፥ ያልተለካ አየር እየሳበ ነበር። ለፒ0171 በዝርዝሩ ሊጻፍ የሚገባው አማርኛም ከእርሳቸው አነጋገር የራቀ አይሆንም፦ «በ1ኛው የሲሊንደር ረድፍ ቅይጡ ቤንዚን አንሶታል፤ ያልተለካ አየር የሚገባበት ወይም ቤንዚን የሚያንስበት ይፈለግ።»