በግንባር የተጻፈው፦ «ናሩቶ» በተሰኘው የጃፓን ሥዕላዊ ትረካ ላይ የቀረበ ሂስ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከፈላና በር ብዙም በማይርቅ ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበርና፣ የአከራዬ የልጅ ልጅ ከወደቁት አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ቤቱ በድንገት ጸጥ በማለቱ ነው። ልጁ በዚያ ሰሞን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ምን እንደሚያነብ ብጠይቀው፣ «ናሩቶ ነው ጋሼ፤ ፊልሙ ሳይሆን መጽሐፉ» አለኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ገጹም ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ነው። ልጁ ቁርአን ቤት ያደገ በመሆኑ ይህ አካሄድ አላስቸገረውም፤ እኔ ግን ከግራ እየጀመርኩ መልሱን ከጥያቄው በፊት ሳነብ ቆየሁ። ነገሩን ለማቃለል ተዘጋጅቼ እንደነበር አልደብቅም። በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ጥናት ሥዕላዊ ትረካ የሕፃናት መጫወቻ ተደርጎ ሲታለፍ ኖሯል። ሥራ ፈላጊ ምሩቅን ዋና ገፀ ባሕርይ ያደረገው የኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» በአማርኛ ከታተመ በኋላም ቢሆን ዓይነቱን ከቁም ነገር ቆጥሮ የተመለከተ ሐያሲ እምብዛም አላጋጠመኝም። ስለዚህ ከልጁ ተውሼ፣ ቆይቶም በራሴ ስልክ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

«ናሩቶ» የማሳሺ ኪሺሞቶ ሥራ ነው። «ሾነን ጃምፕ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከ1999 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በ700 ምዕራፎች ታትሞ፣ በ72 ቅጾች ተጠርዟል። «ሾነን» ለወንዶች ልጆች የሚዘጋጅ ማለት ሲሆን፣ የመጽሔቱ መርሖ ሦስት ቃላት ናቸው፤ ወዳጅነት፣ ጥረት፣ ድል። መጽሔቱ አንባቢዎች የወደዱትን ትረካ በፖስታ ካርድ እንዲመርጡ ያደርግ ነበር፤ ድምፅ ያነሰው ይቋረጣል። ይህን አሠራር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በሥራው ውስጥ የሚታየው ብርታትም ሆነ ድክመት በአመዛኙ ከዚህ ይመነጫልና።

ታሪኩ የሚጀምረው ዘጠኝ ጭራ ያለው ቀበሮ አንድን መንደር ባጠፋበት ሌሊት ነው። የመንደሩ አለቃ ሕይወቱን ሰጥቶ አውሬውን ገና በተወለደ ሕፃን ሆድ ውስጥ ያትመዋል። ሕፃኑ፣ ማለትም ናሩቶ፣ ያለ ወላጅ ያድጋል። መንደርተኛው ይሸሸዋል፤ ምክንያቱን ግን ማንም አይነግረውም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከፍታ ላይ የሚደርሰው፣ ወላጆቹን ያ ቀበሮ የገደለበት መምህሩ ኢሩካ ልጁን ሲከላከልለት ነው። ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ቂምን ከተሸካሚው ለይቶ ማየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከብዙ ልቦለዶች በተሻለ አሳይተውኛል።

እዚህ ላይ የሐረር አንባቢ ከቶኪዮው አንባቢ የሚያንስ አይመስለኝም። በከተማው ዙሪያ ማታ ማታ ጅብ ይቀለባል፤ በግንቡም ላይ ለጅብ መተላለፊያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። በአሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅብ የሚቀርበው በድሮ ዘመን በሰውና በአውሬው መካከል ቃል ኪዳን ተደርጓል ተብሎ ስለሚተረክ ነው። «ናሩቶ»ም ቀስ በቀስ ወደዚሁ ያመራል። አውሬው መጀመሪያ የሚታሰር ኃይል፣ ቀጥሎ የሚሰረቅ ኃይል፣ በመጨረሻም በስሙ የሚጠራ ባልንጀራ ይሆናል። ልጁ «ቀበሮውን የሚያበላው አጥቶ ነው የከፋው» ሲለኝ፣ ከእኔ ማስታወሻ የተሻለ ሂስ የሰጠ መሰለኝ።

ለጠላት የሚሰጠው ክብርም የሥራው ብርታት ነው። በድልድዩ ታሪክ ውስጥ ዛቡዛ የተባለው ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ሃኩ የተባለ ወላጅ አልባ ልጅ አሳድጎ እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል። ሃኩ ዛቡዛን አድናለሁ ብሎ ይሞታል። ያን ጊዜ ናሩቶ በቃል ይገጥመዋል፤ ነፍሰ ገዳዩም ያለቅሳል። የጦር ሜዳ ጩኸቱንም ቢሆን እኛ የምናውቀው ነገር ነው። ተዋጊዎቹ ከመሰንዘራቸው በፊት የስልታቸውን ስም ይጮኻሉ፤ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ኋላ ግን በፈረስ ስሙ የሚፎክር አርበኛ ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩ።

የሥራው እምብርት ግን ከዚህ በኋላ በሚመጣው የፈተና ውድድር ላይ ነው። «ዕድሌ በግንባሬ ተጽፏል» ማለት ለእኛ ዘይቤያዊ አነጋገር ነው፤ ኔጂ ለተባለው ገፀ ባሕርይ ግን የዐይን እውነት ነው። ከጎሣው የበታች ቤት ስለተወለደ በሕፃንነቱ ግንባሩ ላይ የባርነት ማኅተም ታትሞበታል። አባቱ የአለቃው መንታ ወንድም ነበር፤ ተከትሎ በመወለዱ ብቻ የበታች ሆኖ፣ በወንድሙ ፈንታ ሞቷል። ስለዚህ ኔጂ የሰው ልጅ ከተወለደበት አያልፍም ብሎ ያምናል። በሌላ በኩል ሊ አለ። ሊ ምንም ዓይነት የምትሃት ተሰጥዎ የለውም፤ ያለው እጅና እግር ብቻ ነው። እግሩ ላይ ክብደት አስሮ ለዓመታት ይለማመዳል። ከጋራ ጋር በተጋጠመበት ፍልሚያ ያን ክብደት ፈትቶ ሲጥለው ወለሉ ይሰነጠቃል። ነገር ግን ይሸነፋል፤ ክንዱና እግሩም ይደቅቃሉ። ራሱን ስቶም ቢሆን ተነሥቶ ይቆማል። ኪሺሞቶ ጥረት ሁልጊዜ ድል ያስገኛል አላለም፤ ጥረት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ግን በዚያ አቋቋም ሥሎታል። በእኔ ግምት ከ72ቱ ቅጾች ይህን የሚያህል የለም።

ናሩቶም ኔጂን ገጥሞ ያሸንፋል፤ ዕጣ የሚባለውን ነገር በቡጢ የመታው መስሎን እንደሰታለን። ይሁንና ያን ፍልሚያ ደግሜ ሳነብ አንድ ነገር አየሁ። ኔጂ የናሩቶን ኃይል ዘግቶበት ሳለ ናሩቶ የተነሣው በቀበሮው ኃይል ነው። ያውም ከተወለደ ጀምሮ በሆዱ በታተመው!

የሥራው ትልቅ ጉድለት ከዚህች ፍሬ ያድጋል። እየቆየ ናሩቶ የመንደሩ የአራተኛው አለቃ ልጅ መሆኑ ይገለጣል፤ እናቱም ኃይለኛ ከሆነ ጎሣ ትወለዳለች። በማብቂያው ግድም ደግሞ እሱና ባላንጣው ሳስኬ የጥንት ወንድማማቾች ነፍስ ዳግም ልደት ናቸው ይባላል። የተናቀው ወላጅ አልባ ከመጀመሪያውም የተመረጠ ነበር ማለት ነው። ኔጂም ለናሩቶ ሲል በጦርነት ይሞታል፤ ግንባሩ ላይ የነበረው ማኅተም የጠፋው ያን ጊዜ ነው።

ለደራሲው የሚከራከር ሰው፣ የነፍስ ዳግም ልደት በጃፓን የቆየ እምነት ነውና በእኛ ሚዛን አትመዝነው ሊለኝ ይችላል። እኔ ግን የምመዝነው ሥራው ራሱ ባቆመው ሚዛን ነው፤ ኔጂን የተከራከረው እኔ አይደለሁም። ደግሞም ይህ ፈተና የጃፓን ብቻ አይደለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልቦለድ የሠሩበትን የቋራውን ካሳ እናስታውስ። በአባቱ የባላባት ወገን ቢሆንም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ ተሰድቧል። በክንዱ ከነገሠ በኋላ ግን የሰሎሞን ዘር ተቆጠረለት። ሕዝብ ጥረትን ይወዳል፤ ነገር ግን ጥረት ብቻውን ለዙፋን ይበቃል ብሎ ማመን ያስፈራዋል። ኪሺሞቶም የፈራው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

የቀሩትን ጉድለቶች በአጭሩ ላንሣ። በየሳምንቱ መታተም ያለበት ትረካ ማብቂያውን ይፈራል። የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ያህል ቅጾች በአንድ ጦርነት ያልቃሉ፤ ከአንዱ ጠላት ጀርባ ሌላ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ ይወጣል። ሞትም ይረክሳል። ናጋቶ የመንደሩን ሰው ከፈጀ በኋላ በገዛ ሕይወቱ መልሶ ያስነሣዋል፤ በጦርነቱም የጥንት ሙታን ይሰለፋሉ። የመምህሩ የጂራይያ ሞት እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ሳይመለስ በመቅረቱ ነው። ሳኩራ የተባለችው ልጅ ደግሞ ተምራ ጠንካራ ሐኪም ትሆናለች፤ ደራሲው ግን ሳስኬን ከመጠበቅ የሚበልጥ ጉዳይ ብዙም አልሰጣትም።

አንብቤ ስጨርስ ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት፤ ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። አላለውም። «ታዲያ ሊስ?» አለኝ። ሊ በኋለኞቹ ቅጾች አለ፤ ይዋጋል፣ ይሮጣል፣ ያለቅሳል። ነገር ግን ያን ፍልሚያ የሚያህል ዳግመኛ አልተጻፈለትም። ይህንኑ ነገርኩት። ልጁ ስልኩን ከፍቶ ክብደቱ መሬት የሚመታበትን ገጽ አወጣና፣ «እኔ እዚህ ድረስ ነው የማነበው ጋሼ፤ የቀረውን አንዴ አይቼዋለሁ፣ ይቺን ግን አምስቴ» አለኝ። ቀጥሎም አሮጌ የሒሳብ ደብተሩን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ወደ ቤት ገባ።