የካንሰር ምርምር በጋዜጦች ገጽ

ስለ ካንሰር ምርምር በጋዜጣ የሚወጣ ዜና አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት አይደለም፤ ጉድለቱ አንባቢው ሊመዝንበት የሚገባውን መለኪያ መተዉ ነው። በሁለት አገሮች የወጡ ዘገባዎች ይህን ያሳያሉ።

የአሜሪካው ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1998 በፊት ገጹ ስለ አንጂዮስታቲንና ኢንዶስታቲን ዘገበ። በቦስተን በዶክተር ጁዳ ፎክማን ቤተ ሙከራ የተገኙት እነዚህ ፕሮቲኖች ዕጢን የሚመግቡ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳያድጉ ይገታሉ። ዕጢው የጠፋው በአይጦች ላይ መሆኑ በጽሑፉ ተገልጿል፤ ሆኖም የዜናው አቀማመጥ ማስጠንቀቂያውን ዋጠው። በማግስቱ የአምራቹ ኩባንያ አክሲዮን ከ12 ዶላር ወደ 52 ዶላር ገደማ አሻቀበ። ውጤቱ ግን ከአምስት ወራት በፊት በኔቸር መጽሔት ታትሞ፣ ጋዜጣው ራሱ በውስጥ ገጹ ዘግቦት ነበር። ኋላ በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች የተጠበቀውን ያህል አላስገኙም። በተመሳሳይ መርሕ የሚሠራው ቤቫሲዙማብ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ የተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ያለባቸውን ሕሙማን መካከለኛ የመኖር ጊዜ ከኬሞቴራፒ ጋር ተዳምሮ ከ15.6 ወደ 20.3 ወራት አራዝሟል። የፎክማን ሐሳብ ፍሬ ቢያፈራም፣ ፍሬው የሚቆጠረው በወራት ነበር።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ትንባሆ ባለበት ምድብ 1 አስገባ። ዘ ጋርዲያንን ጨምሮ የብሪታንያ ጋዜጦች ሥጋውን ከትንባሆ ጎን አሰለፉት። ምድቡ ግን የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይለካም። የዓለም ጤና ድርጅት ያኔ በጠቀሰው ግምት፣ ከተቀነባበረ ሥጋ ጋር የሚያያዘው የካንሰር ሞት በዓመት 34,000፣ ከትንባሆ ጋር የሚያያዘው አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። በቀን 50 ግራም መመገብ የትልቁን አንጀት ካንሰር በ18 በመቶ ይጨምራል መባሉም መነሻው ካልተነገረ ያሳስታል። በብሪታንያ ስሌት በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት፣ ጥቂት ከሚመገቡ 1,000 ሰዎች 56፣ ብዙ ከሚመገቡ 1,000 ሰዎች ደግሞ 66 ናቸው።

ጥፋቱን ሁሉ በጋዜጠኛው ላይ መጫን አይገባም። በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የ20 ብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎችን 462 ጋዜጣዊ መግለጫዎች መርምሯል። በእንስሳት ላይ የተደረገ ጥናትን ወደ ሰው አጋንኖ በወሰደ መግለጫ ከተመሠረቱት ዜናዎች 86 በመቶው አጋንነዋል፤ መግለጫው ባላጋነነበት ግን 10 በመቶው ብቻ። ማጋነኑ እንግዲህ ከተመራማሪው ደጅ ይጀምራል።

መዘዙ የሚያርፈው በታካሚው ላይ ነው። አንዱ ገና በአይጥ ላይ ያለ መድኃኒት ሲጠባበቅ የተጀመረለትን ሕክምና ሊያቋርጥ፣ ሌላው ካንሰር የማያመጣ ነገር የለም ብሎ ማጨሱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ስለ ዜናው ሲጠይቅ፣ የጤና ባለሙያው ጥናቱ በማን ላይ እንደተደረገ፣ ለውጡ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነና የተነገረው የማስረጃው ጥንካሬ ይሁን የአደጋው መጠን ለይቶ ሊያስረዳው ይገባል። ዘጋቢውም እነዚህኑ ሦስት ነጥቦች በዜናው መጀመሪያ አንቀጽ ቢያሰፍር፣ ዜናው የሚያጣው ድምቀት ከሚያተርፈው እምነት ያነሰ ነው።